ዓሣዎቹ ደህና ናቸው፣ እኔን ግን ይነዝረኛል

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «200 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ አለኝ። ከሰሞኑ እጄን ውኃው ውስጥ ስከት፣ በተለይ ጣቴ ላይ ጭረት ካለ፣ ነዘር ያደርገኛል። ባለቤቴ ‹ኮረንቲ ቢሆንማ ዓሣዎቹ ይሞቱ ነበር፣ ብሬከሩም ይወርድ ነበር› ይለኛል። ሂተሩ፣ ፊልተሩ፣ የአየር ፓምፑና መብራቱ ሁሉም የተሰኩት ከገንዳው ጀርባ መሬት ላይ በተቀመጠ አንድ ዲቫይደር ላይ ነው። እውነት ያሰጋል ወይስ እኔ ነኝ ያጋነንኩት? ቤት ዘግተን ስንወጣስ እሳት ሊነሳ ይችላል?»

እህቴ፣ ምንም አላጋነንሽም። እንዲያውም ታግሰሻል።

ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ብሬከሩ ሂጂና የዚያን ክፍል መስመር አውርጂ። ከዚያ እጅሽን አድርቀሽ፣ ጫማ አድርገሽ፣ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ንቀዪው። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፣ ምክንያቱም አንዳንድ ማብሪያ የሚቆርጠው ኒውትራሉን፣ ማለትም የኮረንቲውን መመለሻ ሽቦ፣ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ፣ ፌዙ፣ እዚያው ሂተሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ለዓሣዎቹ አትጨነቂ። 200 ሊትር ውኃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ዓሣ ካልተጨናነቀበት ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ያለ ፊልተር ይቆያሉ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ክርክር እንምጣ። እሱ ብቻ አይደለም፣ በሥራዬ የማገኘው ሰው ግማሹ እንደዚህ ነው የሚያስበው፤ እኔም ሥራውን ከመማሬ በፊት እንደዚያው ነበር የማስበው።

ዓሣው ለምን አልሞተም? የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የምታርፍ ወፍ ለምን እንደማትሞት ታውቂያለሽ። ኮረንቲ በአንድ አካል ውስጥ የሚያልፈው መግቢያና መውጫ ሲያገኝ ነው። የገንዳው መስታወት ኮረንቲ አያስተላልፍም። ሂተሩ ተሰንጥቆ ፌዙ ውኃውን ቢነካ ውኃው በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል፣ ዓሣውም አብሮት። መውጫ ግን የለም፤ ስለዚህ ምንም ሳይሰማው እየዋኘ ይውላል። መውጫው አንቺ ነሽ። በባዶ እግርሽ ሲሚንቶ ላይ ቆመሽ እጅሽን ስትከቺ መንገዱ ተሟላ ማለት ነው፤ ከእጅ ወደ እግር። ከዚያ የከፋው ደግሞ አንድ እጅ ውኃው ውስጥ ሆኖ ሌላው የመብራቱን ብረት ወይም የብረት ማስቀመጫውን ሲነካ ነው። ያኔ ኮረንቲው ከእጅ ወደ እጅ በደረት ያልፋል፣ ልብ ያለችበትን አካባቢ አቋርጦ። ስለዚህ «ዓሣዎቹ ደህና ናቸው» ማለት ስለ ዓሣዎቹ እንጂ ስላንቺ ምንም አይናገርም።

ብሬከሩስ? ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ሊጠብቅ ነው። አንቺን አያውቅሽም። ቁጥሩን እንይ። የተለመደው የሶኬት ብሬከር 16 አምፔር ነው፣ ይህም 16,000 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ሰው ኮረንቲ መሰማት የሚጀምረው በ1 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። ወደ 10 ሲጠጋ ጡንቻ ይኮማተርና የያዙትን መልቀቅ ያቅታል። ከ30 እስከ 50 ሚሊአምፔር ለሰከንድ ያህል በደረት ካለፈ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። እርጥብ የሆነ የሰው አካል 1,000 ኦም ያህል ቢቋቋም በ220 ቮልት የሚያልፍበት 220 ሚሊአምፔር ነው፤ ለመግደል ከበቂ በላይ። ለብሬከሩ ግን ይህ አንድ አምፖል እንደማብራት ነው። ዝም ብሎ ያያል።

ቆዳሽ ደረቅና ጤነኛ ሲሆን ብዙ ይከላከላል። ጭረት ሲኖር መከላከያው ተነሳ ማለት ነው፤ ነዘሩ ቁስሉ ላይ የሚሰማሽም ለዚህ ነው።

ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ዕቃ ነው፣ አርሲዲ ይባላል። ሥራው ቀላል ነው፤ በፌዙ የሄደው ኮረንቲና በኒውትራሉ የተመለሰው እኩል መሆኑን ያለማቋረጥ ያወዳድራል። ልዩነት ካለ የጎደለው በሌላ በኩል፣ ምናልባትም በአንቺ በኩል፣ ወደ መሬት ሄዷል ማለት ነውና ይቆርጣል። ለቤት የሚሆነው 30 ሚሊአምፔር የሚለው ነው፤ በዚህ መጠን ሲፈስ ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መቁረጥ አለበት። 120 ቮልት በሚጠቀሙ አገሮች ጂኤፍሲአይ የሚሉት ወንድሙ ከዚህም ይቀድማል፣ በ5 ሚሊአምፔር ገደማ ይወርዳል። ስትገዢ ቁጥሩን አንብቢ። 100 ወይም 300 ሚሊአምፔር የሚልም አለ፤ እሱ ለሌላ ሥራ ነው፣ ሰው አያድንም።

ቆጣሪሽ አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ የሚገባ አለ፣ ግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካም አለ። ሁለቱም ይሠራሉ። «ቤቴ የመሬት ሽቦ የለውም» ብለሽ አትተዪው። አርሲዲ ያለ መሬት ሽቦም ይቆርጣል፤ ልዩነቱ የመሬት ሽቦ ካለ ዕቃው ገና ሲበላሽ ሊቆርጥ ይችላል፣ ከሌለ ግን የሚቆርጠው ሰው ሲነካው ነው። ያኔ ትነዘሪያለሽ፣ ግን ለቅጽበት ነው። ላዩ ላይ የሙከራ ቁልፍ አለው፤ በወር አንዴ ተጫኚው። ተጭነሽው ካልወረደ እንደሌለ ቁጠሪው።

እዚህ ላይ ዓሣ ያለው ሰው ብቻ የሚረዳው አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም ዕቃ ባንድ አርሲዲ ላይ አታድርጊ። ሂተሩ ማፍሰስ ጀምሮ ሌሊት ቢያወርደው ፊልተሩም አብሮ ይቆማል፣ ጠዋት ስትነሺ ዓሣዎቹ ላይኛው ውኃ ላይ አየር ሲጎርሱ ታገኛቸዋለሽ። ሂተሩን ባንድ፣ ፊልተሩንና የአየር ፓምፑን በሌላ አድርጊ። እንዲሁም የሚሰካው ዓይነት አንዳንዱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ አይነሳም፣ ቁልፉን ተጫኑልኝ ይላል። ቤት ዘግታችሁ የምትወጡ ከሆነ ይህን ከመግዛትሽ በፊት ጠይቂ።

አርሲዲው ከገባ በኋላ ጥፋተኛውን ፈልጊ። ሚትር፣ ማለትም የኮረንቲ መለኪያ፣ ያለው ሰው ካለ፣ አንዱን ጫፍ ውኃው ውስጥ ሌላውን የሶኬቱ የመሬት ንክኪ ላይ አድርጎ የኤሲ ቮልት ያንብብ። ሁሉንም ነቅላችሁ አንድ በአንድ እየሰካችሁ እዩ፤ አንዱ ሲሰካ ቁጥሩ ዘሎ የሚወጣ ከሆነ እሱ ነው። ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛ፣ ሂተሩ ሙቀቱ ደርሶ ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ከፍ አድርጋችሁ የሂተሩ መብራት በርቶ መሞከር አለበት። ሶኬታችሁ ፕለጉን ገልብጦ የሚቀበል ከሆነ ገልብጣችሁም ሞክሩ፤ ቴርሞስታቱ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ስለሆነ በአንድ በኩል የተደበቀ ፍሳሽ በሌላው በኩል ይወጣል። ሁለተኛ፣ ምንም ያልተበላሸ ፓምፕም ሚትሩ ላይ 20፣ 30 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ይህ በሽቦውና በውኃው መካከል ባለው ፕላስቲክ በኩል የሚፈጠር የይስሙላ ቮልቴጅ ነው፤ የሚያሳልፈው ኮረንቲ ከቁጥር አይገባም፣ ሰውም አይሰማውም። አንቺን ግን ተሰምቶሻል። ስለዚህ «የይስሙላ ነው» ብሎ የሚያጽናናሽን ሰው አትስሚው።

ያፈሰሰ ሂተር አይጠገንም። በፕላስተር ጠቅልሎ፣ በሲሊኮን ለጥፎ መመለስ የለም። ነቅለሽ፣ ገመዱን በመቀስ ቆርጠሽ ጣዪው። የምቆርጠው ለምን መሰለሽ፣ አንዴ የጣልኩትን ሂተር ከሦስት ወር በኋላ ጎረቤት ቤት ሲሠራ አይቼዋለሁ።

ሰዎች ውኃ ውስጥ የሚገባ የመሬት ዘንግ እንድትገዢ ይመክሩሽ ይሆናል። አርሲዲ ካለ ጥሩ ነው፤ ሂተሩ ሲሰነጠቅ ኮረንቲው በዘንጉ በኩል ስለሚፈስ እጅሽን ሳትከቺ አርሲዲው ይወርዳል። አርሲዲ ከሌለ ግን አልወደውም። ያኔ ውኃው ሁልጊዜ ከመሬት ጋር የተያያዘ ይሆናል፣ ኮረንቲው ያለማቋረጥ ይፈስሳል፣ የሚቆርጠውም የለም። አንቺም በሌላ እጅሽ የተላጠ ፌዝ ብትነኪ ውኃው ራሱ መውጫ ይሆንብሻል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ አርሲዲ፣ ከዚያ ከተፈለገ ዘንግ ነው።

እሳቱስ? ይሄኛው ሌላ ጉዳይ ነው። አርሲዲ ስላስገባሽ እሳቱም ቀረ ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው እሳት ሲባል «ዲቫይደሩ ተጫነበት» ይላል። እናስላው። ሂተር 200 ዋት፣ ፊልተር 20፣ መብራት 40፣ የአየር ፓምፕ 5። ድምር 265 ዋት፣ ማለትም 1.2 አምፔር ገደማ። ደህና ዲቫይደር 10 አምፔር ይችላል። ስለዚህ እዚያው ላይ ካውያ ወይም የውኃ ማፍያ ካልሰካችሁ በቀር ጭነቱ ምንም አይደለም። ገንዳ ያለበት ቤት የሚያቃጥለው የላላ ንክኪና እርጥበት ነው።

የላላ ንክኪ እንዲህ ነው የሚሠራው። ዲቫይደሩ ውስጥ ያለችው ናስ ደክማ ፕለጉን አጥብቃ አልያዘችም እንበል፣ በእርጥበቱም አረንጓዴ ዝገት አብቅላለች። እዚያች ነጥብ ላይ 3 ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር፣ 300 ዋት ሂተር በሚስበው 1.4 አምፔር ወደ 6 ዋት ሙቀት እዚያው ይወጣል። 6 ዋት ትንሽ ይመስላል። ግን የስንዴ ቅንጣት በምታክል ቦታ ላይ፣ በፕላስቲክ ተከቦ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ሲሞቅ ናሷ ይበልጥ ትላላለች፣ ስትላላ ይበልጥ ይሞቃል። ብሬከሩ የሚያየው 1.4 አምፔር ብቻ ነው፤ አርሲዲውም የሄደው ሁሉ ስለተመለሰ ምንም አያይም። ሁለቱም ሳይነቃነቁ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

አንድ ቤት የተጠራሁት ለዚህ አልነበረም። ሳሎን ውስጥ ያለ አንድ አምፖል እምቢ ብሎ ነው። ስገባ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ጥግ ላይ ትልቅ ገንዳ አለ፣ እኔም «ከገንዳው ነው» ብዬ አለፍኩት። የቤቱ እመቤት ግን አፍረው «ሁለት ሳምንት ሙሉ እያጠብነው ነው፣ ጠጠሩን ሁሉ ቀየርን፣ ሽታው አልሄድ አለ» አሉኝ። ያኔ ነው የነቃሁት። ሶኬትና ፕለግ ከሚሠሩባቸው ፕላስቲኮች አንዳንዶቹ ሲግሉ የሚያወጡት ሽታ የዓሣ ነው፣ የበሰበሰ ዓሣ። ብሬከሩን አውርጄ ከገንዳው ኋላ ያለውን ዲቫይደር ሳወጣው ሦስተኛው ቀዳዳ ዙሪያው እንደተቆላ ቡና ጠቁሯል፣ የሂተሩ ፕለግ ደግሞ ተጣብቆ አልወጣ አለኝ። በካቻቪቴ ፈልቅቄ ሳወጣው አንዱ እግሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ብረት በጣም ሲግል የሚያመጣው ቀለም ነው። ከኋላው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ መጋረጃ ነበር።

ስለዚህ ንጹሕ ገንዳ የዓሣ ሽታ ካመጣ ከውኃው በፊት ሶኬቱን ጠርጥሪ። በሳምንት አንዴ፣ ምግብ ስትሰጫቸውም ቢሆን፣ ፕለጎቹን በደረቅ የእጅሽ ጀርባ ነካ አድርጊ። ትንሽ ለብ ማለት አያስደነግጥም። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ግን ያ ዲቫይደር አበቃለት።

ሁለተኛው መንገድ ጨው ነው። ገንዳሽ የባሕር ውኃ ከሆነ ይህን ሁለቴ አንብቢው፤ የባሕር ውኃ ኮረንቲ የሚያስተላልፈው ከቧንቧ ውኃ መቶ እጥፍ ገደማ ነው። አረፋ ሲፈነዳ የሚረጨው ነጠብጣብ ይደርቅና ነጭ ቅርፊት ይሆናል፣ ቅርፊቱም እርጥበት እየሳበ በገመዱ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ዛሬ ጠርዙ ላይ ያየሽው ከወራት በኋላ ፕለጉ ጋ ይደርሳል። እዚያም በፌዝና በኒውትራል መካከል ድልድይ ይሠራል፤ ጥቂት ኮረንቲ በላዩ ያልፋል፣ ፕላስቲኩን ያከስለዋል፣ ከሰል ደግሞ ራሱ ኮረንቲ ያስተላልፋል። በመጨረሻ ብልጭታ ይጀምራል። በቧንቧ ውኃ ሂደቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፣ ምክንያቱም የቧንቧ ውኃም ሲደርቅ ቅርፊት ይተዋል። በወር አንዴ ሁሉን ነቅለሽ ገመዶቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ፣ አድርቀሽ መልሺ። እንዲህ ያለውን ብልጭታ የሚለይ ኤኤፍዲዲ የሚባል ብሬከር አለ፣ አቅም ካለ ጥሩ ነው። ካልሆነ ቢያንስ ክፍሉ ውስጥ የጢስ ማንቂያ አድርጉ። ቤት ዘግታችሁ ስትሄዱ አይጠቅማችሁም፣ ተኝታችሁ ሳለ ግን ይቀሰቅሳችኋል።

አሁን ያ መሬት ላይ ያለ ዲቫይደር። ዛሬውኑ ይነሳ። ገንዳ ሲያንጠባጥብ ውኃው የሚሄደው መሬት ላይ ነው። ከገንዳው ጎን፣ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ከፍ አድርገሽ በብሎን እሰሪው፤ ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይዩ። ከገንዳው ሥር ባለው ዝግ ቁም ሣጥን ውስጥም አይሁን፣ እዚያ እርጥበቱ መውጫ የለውም። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አትሰኪ። የተረፈውን ገመድ ጠቅልለሽ አትሰሪው፣ ብዙ ጭነት ሲኖር ጥቅሉ ይግላል።

ገመዶቹ ደግሞ በቀጥታ ከገንዳው ወደ ሶኬቱ መውረድ የለባቸውም። ውኃ በገመድ ላይ ተንሸራትቶ ይሄዳል፣ መንገዱን ያውቃል። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይውረድና ተመልሶ ይውጣ፣ ልክ እንደ «ሀ» ፊደል። ጠብታው የ«ሀ»ው ሆድ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ መውጣት አይችልምና መሬት ይወርዳል። ነጻ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ እኔ ካየኋቸው ቤቶች ግን ያደረገው ጥቂት ነው።

የአየር ፓምፑ ከውኃው በታች ከተቀመጠ መብራት በጠፋ ጊዜ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ወይ ከውኃው በላይ አስቀምጪው፣ ወይ ቱቦው ላይ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ አስገቢ። መብራቱ ደግሞ በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራ ኤልኢዲ ቢሆን ይመረጣል፣ ትራንስፎርመሩ ራቅ ብሎ ደረቅ ቦታ ላይ ሆኖ። ውኃ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ዕቃ ላይ አይፒ68 የሚል ምልክት ፈልጊ፤ አይፒ44 የሚለው ፍንጣቂ ይችላል እንጂ ጠልቆ አይኖርም።

ሂተሩን ለብቻው ላንሳው፣ ከሁሉ ተንኮለኛው እሱ ነው። ውኃ ስትቀይሪ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድመሽ ንቀዪው። ግሎ ሳለ ከውኃ ሲወጣ መስታወቱ ይበልጥ ይግላል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። አውጥተሽ ምንጣፍ ላይ፣ ፎጣ ላይ፣ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ የምታስቀምጪው ከሆነ መነቀሉን ሁለቴ አረጋግጪ። በተለይ መብራት በጠፋበት ሰዓት ገንዳ የምታጥቢ ከሆነ! ሰው «መብራት የለም» ብሎ ሳይነቅል ያወጣዋል፣ ሶፋው ላይ ጣል ያደርገዋል፣ ስልክ ይመጣል፣ ይወጣል። ከዚያ መብራት ይመጣል።

ቴርሞስታቱ ሲያረጅ ንክኪው ተበይዶ «በርቶ» ሊቀር ይችላል፤ ዓሣ የሚቀቀለው ያኔ ነው። 300 ዋት ካለው አንድ ሂተር ሁለት 100 ዋት እመርጣለሁ። አንዱ ተበይዶ ቢቀር ውኃውን ቶሎ ማፍላት አይችልም፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ያቆያል። ለ200 ሊትር ገንዳ በሊትር 1 ዋት የሚለው የተለመደ ግምት በቂ ነው። ሂተሩ ላይ ዝቅተኛ የውኃ መስመር ምልክት አለ፣ ውኃው በትነት ከዚያ በታች እንዳይወርድ።

ክፉ አያምጣና ቢደርስስ? ሰው ገንዳው ላይ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ አትንኩት፤ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ነው የሚነካው። የማይተነፍስ ከሆነ እርዳታ እየጠራችሁ ደረቱን መጫን ጀምሩ። ሶኬቱ ከተቃጠለ፣ 200 ሊትር ውኃ አጠገባችሁ ስላለ ብቻ አፍሳችሁ እንዳትደፉበት። መስመሩን አውርዱ፤ ማጥፊያው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የደረቅ ዱቄት ዓይነት ይሁን። መጋረጃው ከያዘ ግን ዓሣውንም ዕቃውንም ትታችሁ ውጡ።

ወደ አንቺ ገንዳ ስመለስ፣ ሳላየው መወራረድ ካለብኝ ሂተሩ ላይ ነው የምወራረደው። ዛሬ ሁሉን ነቅለሽ ሂተሩን ስታወጪ በስልክሽ መብራት አንገቱን እዪው፣ ገመዱ የሚገባበትን የጎማ ክዳን። የተሰነጠቀ ወይም የላላ ጎማ፣ መስታወቱ ውስጥ የተንጠለጠለ ጤዛ፣ ታች የተጠራቀመ አንዲት ጠብታ። ከእነዚህ አንዷን ካየሽ ሚትር ፍለጋ አትውጪ፣ መቀሱን አምጪ።